ቅቤ የማይቀልጥበት ማሰሮ

ስልኬ ሲጠራ ደብረ ታቦር፣ ከምሠራበት ክፍል መስኮት አጠገብ ቆሜ ጉሙ ከተራራው ላይ ሲወርድ አያለሁ። ትርንጎ ናት። ትርንጎ ስትደውል ከሰላምታው በፊት ሳቋ ይቀድማል። የዚያን ቀን ግን ትንፋሿ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

«ሲስተር» አለችኝ፤ «እማማ አንጓች አረፉ።»

ከወዲያኛው ጫፍ ላም ታገሳለች፤ ሰው ከሩቅ ሰው ይጠራል። ሜዳው ራሱ በስልኩ የሚተነፍስ መሰለኝ። ትርንጎ ስልኩን ከዘጋችው በኋላም ከጆሮዬ ሳላወርደው ቆየሁ። ጉሙ ወርዶ ወርዶ ቁልቁል ወደ ፎገራ ሲሄድ፣ እማማ አንጓች ከጉሙ ውስጥ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ ማሰሮ በራሳቸው ተሸክመው የሚመጡ መስሎኝ ነበር።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። አንድን ነገር ሊያውቁት ሲፈልጉ ዓይናቸውን ይጨፍኑና በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል። የሸክላውን ሆድ፣ የታመመ ሰው ግንባር፣ የማይተማመኑበትን ውኃ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚመረምሩት። «ዓይን ይቸኩላል፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር፤ «እጅ ግን ይጠብቃል።»

ወረታ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ። የስኳር ታካሚዎች በወር አንድ ቀን መድኃኒት ሊወስዱ ይመጣሉ። እማማ አንጓች ያን ቀን ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። አግዳሚው ላይ ቦታ እያለ ለምን እንደሚቆሙ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እሳቸው ሲቀመጡ ጎናቸው ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ቀጥሎ ያለውም ይነሳል። ሸክላ ሠሪ ናቸዋ። በአካባቢያችን ከጭቃ ድስትና እንስራ የሚያወጣው እጅ ይፈለጋል፤ የእጁ ባለቤት ግን ይፈራል። «ዓይናቸው ሰው ይበላል» ይባላል።

እኔ አልፈራኋቸውም። የሠራሁት ግን ከፍርሃቱ አይሻልም። ደማቸውን በለካሁ ቁጥር ስኳራቸው ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ኢንሱሊን እሰጣቸዋለሁ፤ በወሩ ሲመለሱ ያው ነው። ከወር ወር ሥጋቸው እያለቀ ሄደ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«መርፌውን አትወጊም፣ አይደል?» አልኳቸው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እወጋለሁ፣ ሲስተር።»

«ብትወጊ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር? ለምን ትዋሺኛለሽ?»

እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። እኔ «አንቺ» እላለሁ፤ እሳቸው እኔን «እርስዎ» ይሉኛል። «መድኃኒቱን የት አስቀምጪ ነበር ያሉኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቀዝቃዛ ቦታ።»

«እሽ» አሉና ሄዱ።

በወሩ ሲመጡ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ማሰሮ ተሸክመው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት ውኃው መዝገቡን አረጠበው። ልቆጣ ስል «ይክፈቱት» አሉኝ። ከፈትኩት። በትልቁ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል እርጥብ አሸዋ ተሞልቷል። ከትንሹ ማሰሮ ውስጥ በቅጠል ላይ ያረፈ እፍኝ የማይሞላ ቅቤ አለ፤ ከጎኑ የኢንሱሊን ብልቃጥ።

«ቅቤ ነው» አሉኝ።

«አየሁት።»

«ከቤቴ እዚህ ድረስ በፀሐይ መጣሁ። አልቀለጠም።»

ከዚያ እያንዳንዱን ነገር ቀስ ብለው ነገሩኝ። «ቀዝቃዛ ቦታ አሉኝ። ቤቴን ዞርኩት፤ ቀዝቃዛ ቦታ አጣሁ። ጣራው ቆርቆሮ ነው። መድኃኒቱን የማኖረው ከግድግዳው ቀዳዳ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሸክላ የምተኩስበት ነው። አንድ ቀን ከብልቃጡ አጠገብ ቅቤ አኖርኩ። ቀልጦ ፈሰሰ። ቅቤ ያቀለጠ ቦታ የእርስዎን መድኃኒት ምን አድርጎት ይሆን? እያልኩ አሰብኩ።»

ማሰሮ በማሰሮ ውስጥ አድርገው፣ አሸዋውን ውኃ አጠጥተው፣ ቅቤውን በውስጡ እያኖሩ ሞከሩ። ከጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ከዚያ ነፋስ ከሚያልፍበት በር አጠገብ። አንዱን ማሰሮ እንደ መስታወት አለስልሰው ሠሩ፤ አንዱን ሻካራ አድርገው ተዉት። ለስላሳው አልላበም፤ ሻካራው ላበ። ሻካራው ውስጥ ያለው ቅቤ እንደረጋ ዋለ። «የላበው ነው የሚቀዘቅዝ» አሉኝ። «በሬም እንደዚያው ነው።» በሞቃት አገሮች ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን ለማኖር ይህንኑ የሸክላ ነገር እየለኩ እየመዘኑ እንደሚሞክሩት ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እማማ አንጓች ያነበቡት ነገር የለም። ሙቀት መለኪያም አልነበራቸው። ቅቤና የእጃቸው ጀርባ ብቻ ነበራቸው።

አዲስ ብልቃጥ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ወር ስኳራቸው ወረደ። ለካ ሲዋሹኝ ኖረው አይደለም። በየቀኑ የሞተ መድኃኒት ሲወጉ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ ስጭን።

«እማማ አንጓች» አልኩ፤ «በድዬዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች ለሸክላ ሠሪ «እርስዎ» ሲባል ሰምተው ቀና አሉ። እሳቸው ግን አቀርቅረው ፈገግ አሉ። «እኔን እንዲህ የሚለኝ የለም» አሉ።

«እንግዲያው እርስዎም እኔን አንቺ ይበሉኝ።»

«እሽ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። ቁሐር ሚካኤል ዳር፣ ከሜዳው ትንሽ ከፍ ካለች ጉብታ ላይ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብሎ ፎገራን ማየት እንቅልፍ ሳይወስድ ማለም ነው። ሩዙ ሲያሽት ሜዳው አንድ ቢጫ ትንፋሽ ይሆናል። ከብቶቹ በጉም ውስጥ እግር የሌላቸው መስለው ይንሳፈፋሉ፤ ዘውድ ያላቸው ረጃጅም ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጨፍራሉ። እማማ አንጓች ጭቃውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ያዞሩታል እንጂ አያዩትም፤ ዓይናቸው ከሩቅ ነው። ባል ሞቶባቸዋል። የወለዱት ልጅም አልኖረም። አንድ ጊዜ ብቻ «ለምን እኔን ያዘኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይላሉ። እኔ ስኳር የቀመስኩት በጣቴ ልቆጥረው በምችለው ቀን ነው።»

በበጋው መጨረሻ አንድ ቀን፣ ከቁሐር እስከ ወረታ በእግራቸው መጥተው ከምሠራበት ክፍል በር ላይ ቆሙ። አቧራ ለብሰዋል። አልተቀመጡም።

«የአያ ሞላ ልጅ ትርንጎ ስኳር ይዟታል» አሉኝ። «ሄደሽ አምጫት።»

አያ ሞላ የሩዝ ገበሬ ነው፤ ከብትም አለው። ሚስቱ ወይዘሮ የሺ በመንደሩ የተከበረች ሴት ናት። ትርንጎ ያኔ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት የቀራት ልጅ ነበረች።

«በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ድስት ልሸጥ ሄጄ አየኋት። ውኃ ጠጥታ ሳትጨርስ ደግማ ትቀዳለች። ልብሷ ሰፍቷታል። ከጓሮ የምትሸናበትን ቦታ ጉንዳን ወሮታል። እኔም እንዲያው ነበርኩ።»

«ለእናቷ አልነገሯትም?»

«ነገርኳት። "ዓይንሽን ከልጄ ላይ አንሺ" አለችኝ። ከእኔ የገዛችውን ድስት ከፊቴ ሰበረችው። እኔ ዳግመኛ ከሄድኩ ይብሳል፤ አንቺ ሂጅ። ግን ዛሬ ይሁን። ትንፋሿ እንደ በሰለ ፍሬ ይሸታል።»

ይህን ሲሉ ከወንበሬ ተነሳሁ። ትንፋሽ እንዲያ ከሸተተ ነገሩ የቀናት ሳይሆን የሰዓታት ነው። ከቀበሌዋ የጤና ባለሙያ ጋር ሄድን። ትርንጎ መደብ ላይ ተኝታ በረጅሙ እየሳበች ትተነፍሳለች። ራስጌዋ የጠበል ጠርሙስ አለ። ወይዘሮ የሺ ፊቷን እየነጨች «በልታብኛለች፣ ያቺ ሴት በልታብኛለች!» ትላለች። አያ ሞላ አንዴ እኔን አንዴ ልጁን ያያል።

«አያ ሞላ» አልኩት፤ «ጠበሉን አልከለክልም። ግን አሁን ካልተነሳች አትደርስም።»

የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኛች። ዳነች። መንደሩ ግን ዳነች አላለም፤ «ለቀቀቻት» አለ። አንጓች ስለተነቃባት ለቀቀቻት ነው የተባለው። ልጅቷን ያዳኑት ሴት በማዳናቸው ራሱ ተወነጀሉ። ይህን ስነግራቸው የሚናደዱ መስሎኝ ነበር። ከዕቃቸው መካከል ማሰሮ አነሱና በጣታቸው ኳ አደረጉት፤ ጆሯቸውን ሰጥተው ድምፁ እስኪያልቅ ሰሙት።

«ይህ ደህና ነው» አሉ። «ለትርንጎ ስጫት። መድኃኒቷ እንዳይበላሽ። የማን እጅ እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው።»

ወሰድኩላት። ወይዘሮ የሺ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ መስሏት አመስግና ተቀበለች። ትርንጎ ብቻ ማሰሮውን አገላብጣ አየችና ቀና አለች። «የሳቸው ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም «እንጃ» አልኳት። ሳቀች። የመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ተመራማሪዎቹ የመጡት። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። መሪያቸው ወጣት ዶክተር፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ የጎንደር ልጅ ነው። ቀጫጭን ሆነው፣ ገበሬና ደሀ ሆነው ስኳር የሚይዛቸው ሰዎች ለምን በዙ? የሚለውን ነበር የሚያጠኑት። ደም ቀዱ፤ ክንድ ለኩ፤ ስለ ልጅነት ጠየቁ። እማማ አንጓች ደማቸው ሲቀዳ ዓይናቸውን ጨፍነው ብልቃጡን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። «ሞቃት ነው» አሉ፤ «የት ድረስ ይሄዳል?» ዶክተሩ ሩቅ እንደሚሄድ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር «ደሜ የት ደረሰ?» ይሉኝ ነበር፤ ስለ ዘመድ እንደሚጠይቁ ሆነው።

ብዙ ተመራማሪ ደም ወስዶ ይሄዳል፤ አይመለስም። ይህኛው በዓመቱ ተመለሰ። ያገኙትን ሊነግረን ታካሚዎቹን ከጤና ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር ሰበሰበ። ትርንጎም ከእናቷ ጋር መጣች። እማማ አንጓች እንደ ልማዳቸው ከኋላ ቆመዋል።

«ቆሽት ከሆድ በስተኋላ የተኛች ትንሽ አካል ናት» ብሎ ጀመረ። «ኢንሱሊኑን የምትሠራው እሷ ናት። አንዳንድ ሰው ቆሽቱ እየሠራች አካሉ አልቀበልም ይላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሲወፍሩ የሚመጣው ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ትርንጎ ነው። ሰውነትን የሚጠብቁት ዘቦች ይሳሳቱና ጠላት ያገኙ መስሏቸው የገዛ ቆሽታቸውን ያጠፋሉ። ለምን እንደሚሳሳቱ ዓለም ገና እየፈለገ ነው። ብዙዎቻችሁ ቀጫጭኖቹ ግን ከሁለቱም የተለያችሁ ናችሁ። አካላችሁ እምቢ አላለም። ቆሽታችሁም ፈጽማ አልጠፋችም፤ ትንሽ ትንሽ ትሠራለች። በእናት ማህፀንና በልጅነት የደረሰ ርሀብ ሳታድግ አስቀርቷት ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን። ገና መጠርጠር ነው፤ አልጨረስንም። ለእናንተ ብዙ መርፌ ጉዳት አለው፤ ትንሽ ሊበቃችሁ ይችላል። ምናልባት በክኒን ብቻ የሚቆይም ይኖራል። እሱንም እያየን ነው።»

ወይዘሮ የሺ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። «ዶክተር» አለች፤ «የሰው ዓይንስ?»

ዶክተሩ የተጠየቀው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው። «እናቴ» አላት፤ «ስንት ሰው መረመርን። በሰው ዓይን የታመመ አንድም አላገኘንም።»

ወይዘሮ የሺ ተቀመጠች። እማማ አንጓች መሬት መሬት ያያሉ። ቆይተው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ተናገሩ።

«እናቴ እኔን ስታረግዝ ክፉ ቀን ነበር አሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ጓያና ቅጠል ነው የበላሁት። ጭቃም እንዲሁ ነው። ውኃ ሳይጠግብ የተሠራ ማሰሮ ወዲያው አይሰነጠቅም። ዓመት ያገለግላል፤ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ሰውየው ግን የተሰነጠቀው ዛሬ ይመስለዋል።»

ዶክተሩ እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈው። ከዚያ ትርንጎ ጠየቀች፤ ለእኔ ዓይነቱ ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት የለም ወይ ብላ። በሩቅ አገር አዲስ የቆሽት ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ እያስገቡ እንደሚሞክሩ፣ ከተሞከረላቸው መርፌ እስከ መተው የደረሱም እንዳሉ ነገራት።

«እዚህ መቼ ይደርሳል?»

«አላውቅም፣ እህቴ። ብዋሽሽ ደስ አይለኝም።»

የልጅቷ ፊት ሲጠቁር እማማ አንጓች ከኋላ «እስኪደርስ መቆየት ነዋ» አሉ። «ለመቆየት ማሰሮ አለ።» ሰው ሳቀ። ወይዘሮ የሺ ግን ዘወር ብላ አየቻቸው። ለቤቷ የመጣው ማሰሮ ከማን እንደነበር ያኔ የገባት ይመስለኛል።

በዚያው ክረምት የጉማራ ወንዝ ሞላ። ውኃ በፎገራ አዲስ አይደለም፤ የዚያን ዓመቱ ግን ቶሎ መጣ። ከወረታ መውጫ ሆኜ ሳየው ሜዳው የለም። ሰማዩ ወርዶ ከታች ተኝቷል፤ ዛፎች በደመና መካከል በቅለዋል፤ የሚካኤል ደወል ከውኃው ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። መንገድ ስለጠፋ አምስት ቀን ወደ ቁሐር መሄድ አልቻልንም። እዚያ የሆነውን ኋላ የነገረችኝ ትርንጎ ናት።

ውኃው ንጋት ላይ ነበር እነአያ ሞላ ቤት የገባው። እህሉንና ጥጆቹን ሲያሸሹ የትርንጎ ማሰሮ ተገልብጦ ሄደ፤ ብልቃጡም አብሮ ጠፋ። አያ ሞላ ጭቃውን በእጁ እየዳበሰ ሲፈልግ ዋለ። በማግሥቱ ትርንጎ ውኃ ይጠማት ጀመር፤ ማስታወክም መጣ። ያኔ ወይዘሮ የሺ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች። እስከ ወገቧ እየጠለቀች ወደ ጉብታው ሄደች። ከዚያች ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

«አንጓች!» አለች ከውጭ። «ልጄ... መድኃኒቷን ውኃ ወሰደው።»

እማማ አንጓች አንድ ቃል አልጠየቁም። ማሰሯቸውን አነሱና በራሳቸው አደረጉ። ወይዘሮ የሺ ወደ ውስጥ አየት አድርጋ ሌላ ማሰሮ እንደሌለ አየች።

«ለአንቺስ?» አለቻቸው።

«የእኔ ቆሽት ትንሽ ትሠራለች» አሏት። «የሷ ፈጽሞ አትሠራም። ዶክተሩ ሲል ሰምተሽ የለም? በይ ምሪኝ፤ የመንገዱን ጉድጓድ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ሁለቱ ሴቶች ያን ውኃ ተያይዘው ተሻገሩት። ትርንጎ በቆጡ ላይ ሆና ሲመጡ አየቻቸው። አንዲቱ ከፊት በእንጨት ጥልቀቱን እየለካች፣ አንዲቱ ማሰሮ በራሷ ይዛ፤ ከሥራቸው ደመና ይሄዳል። «በሰማይ ላይ የሚሄዱ መሰሉኝ፣ ሲስተር» አለችኝ። «የሞትኩ መስሎኝ ነበር።»

በዚያች ጥቂት በቀረባት ብልቃጥ ትርንጎ መንገድ እስኪከፈት ቆየች። እማማ አንጓች «አንድ ጠብታ አልወስድም፤ ተካፍለን ሁለታችንም ከምንጎድል አንዳችን ትሙላ» ብለው እምቢ አሉ። ቤታቸው ለመመለስም አቅም አነሳቸው፤ ስኳሩ ከፍ እያለ ሄዶ ደከሙ። ወይዘሮ የሺ በገዛ መደቧ አስተኛቻቸው፤ በገዛ ዋንጫዋ ውኃ አጠጣቻቸው። በሦስተኛው ቀን እግራቸውን ልታጥብ ስትይዝ ከውስጥ እግራቸው ሰፊ ቁስል አገኘች። ውኃው ውስጥ የረገጡት ነገር ቆርጧቸዋል። እሳቸው አላወቁትም፤ ስኳር እግራቸውን ካደነዘዘው ቆይቷል።

«እናትሽ ይቅርታ ጠየቀቻቸው?» ብዬ ትርንጎን ጠይቄያት ነበር።

«በአፏ አልጠየቀችም» አለችኝ። «እግራቸውን ይዛ ግን ብዙ አለቀሰች። እሳቸው "ተይ፣ ቁስሉን ጨው ታስነኪዋለሽ" አሏት። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።»

በታንኳ ስደርስ ሦስቱንም በአንድ መደብ ላይ ነው ያገኘኋቸው። እማማ አንጓች ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ደሜ የት ደረሰ?» አሉኝ። ወዲያው መርፌውን ወጋኋቸው።

ከሞት ተረፉ። እግራቸው ግን ሁለት ጣት ከፈለ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ተራምደው ጭቃ ማምጣት ስላቃታቸው ትርንጎ ጭቃ ልታቀብላቸው ትሄድ ጀመር። ማቀበሉ መለወስ ሆነ፤ መለወሱ መሥራት ሆነ። አያ ሞላ ሲሰማ ቤቱን አናወጠው።

«የገበሬ ልጅ ሸክላ ትሠራለች? ማን ያገባሻል?»

«ያላወቀኝ አያግባኝ፣ አባዬ» አለችው። «የቀበሌው ስኳር የያዘው ሁሉ ማሰሮ ይፈልጋል። እማማ አንጓች ብቻቸውን ናቸው። እሳቸው ሲደክሙ ማን ይሠራዋል?»

አያ ሞላ ወደ ሚስቱ ዞረ። ወይዘሮ የሺ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም፤ ልጇንም አልከለከለች፤ ባሏንም አልደገፈች።

እኔ በዚህ መካከል ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። ልሰናበታቸው ስሄድ እማማ አንጓች ደጃፋቸው ላይ፣ ትርንጎ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር። ትርንጎ የሠራችውን ማሰሮ ኳ አድርገው ሰሙት። «ይህ ይዋሻል» አሉና አፈረሱት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሰው ሕይወቱን የሚያኖርበት ነው» አሏት፤ «ለወጥ ቢሆን እተውልሽ ነበር።» እንደገና ጀመረች። ሜዳው ላይ ጉም ይነሳ ነበር። እጄን ሰጠኋቸው፤ በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ያዙት። ምን እንዳገኙበት አልነገሩኝም።

ከዓመት በላይ ኖሩ። ከዚያ ቁስሉ በሌላው እግራቸው ተነሳ፤ ቀድመው አልተናገሩም። የሚተኮስ ሸክላ ነበራቸው፤ መድኃኒቱን የሚያኖርበት ማሰሮ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ዘግይተው ሆስፒታል ሲደርሱ ቁስሉ መርዞ ወደ ደማቸው ገብቶ ነበር። እዚያ ብሆን ኖሮ እግራቸውን በየወሩ አየው ነበር እያልኩ ዛሬም ራሴን እወቅሳለሁ።

ለአርባቸው ወደ ወረታ ወረድኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ከመኪና ወርጄ በሩዙና በሽንኩርቱ መካከል ሳልፍ፣ ከገበያው ዳር ሸክላ ሠሪዎቹ የሚቀመጡበት ረድፍ ላይ ዓይኔ አረፈ። ከረድፉ መጨረሻ አንዲት ሴት ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ማሰሮ በማሰሮ ውስጥ ሆኖ ተደርድሯል። ወይዘሮ የሺ ናት። ከሩቅ ቆሜ አየኋት።

አንዲት የመንደሯ ሴት ቆማ አንዱን ማሰሮ አንስታ አገላበጠችው።

«ጥሩ ነው፣ የሺ። ለሸክላ ሠሪዎቹ ቦታ እየጠበቅሽላቸው ነው? የማን እጅ ነው?»

«የልጄ» አለች ወይዘሮ የሺ፤ ድምፅዋ ሳይወርድ፤ ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች እስኪዞሩ ድረስ። «ትርንጎ ናት የሠራችው። ያስተማረቻት እህቴ አንጓች ናት።»

ሴቲቱ ማሰሮውን ቀስ ብላ መለሰችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በሰው መካከል ገባች።

ቀርቤ ሳምኳት። «አይዞሽ» አልኳት።

ወይዘሮ የሺ ማሰሮውን ከረድፉ አቃናችው። ሴቲቱ የሄደችበትን አቅጣጫ እያየች ነበር።

«ትመለሳለች» አለችኝ። «እኔም ተመልሻለሁ።»